በሩን የዘጋሁበት ምክንያትና የእናትሽ ቁስል

ለልጄ ለማህሌት ካሳሁን፣
ኩዌት።

ልጄ ማህሌት፣ እንዴት ሰነበትሽ? እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? ወገብሽን ይይዝሽ የነበረው ነገር ለቀቀሽ ወይስ ዝም ብለሽ ቻልሽው? የአገሩ ሙቀት በረደ? አሠሪዎችሽ የዕረፍት ቀንሽን ይሰጡሻል? እኔ አባትሽ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድምሽ ይታገሱም ደህና ነው፤ ባጃጁን ከመርሳ ሲሪንቃ ያመላልሳል። እናትሽ በሕይወት አለች፤ ትበላለች፣ ትናገራለች፣ ትራመዳለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት ልብሽ እንዲያርፍ ነው። የቀረውን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጥቅምት ሲገባ ደውለሽ «አባዬ፣ እማዬን በረሃብ ሊገድሏት ነው?» ብለሽ አልቅሰሽ ስልኩን ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ የምትደውዪው ለይታገሱ ነው። እኔም መልሼ አልደወልሁም። በስልክ ክርክር አልወድም፤ ሰው ግማሹን በእንባ፣ ግማሹን በቁጣ ይጨርሰዋል። የጎረቤታችን የዘይነባ ልጅ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። አክስትሽ ጽጌ የነገረችሽ ውሸት አይደለም፤ ግን ከመካከሉ የተጀመረ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጥፋቴንም አልደብቅም።

እናትሽ የሐሞት ጠጠሯን በቀዶ ሕክምና ያስወጣችው መስከረም ስምንት ቀን ወልድያ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆማት፤ ዘጠና ስምንት ኪሎ ሆነች። ቁመቷን ታውቂያለሽ፤ ከትከሻዬ አታልፍም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «አባት፣ ጠጠሩን ማውጣት ለእኛ ቀላል ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው» አለኝ። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ሲወፍር ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይመረቅዛል አለ። ተኝታ ከዋለች ደግሞ እግሯ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ ሳንባዋም ሊታመም ይችላል፤ በማግስቱ ትነሳ፣ ትራመድ፤ ቁስሉ ከረጠበ በዚያው ቀን አምጧት አለኝ።

ሁሉንም ሰማሁት፤ ሰምቼም በልቤ ናቅሁት። በእኛ ዘንድ የወፈረ ሰው የተመቸው ሰው ነው። አንቺ ሠራተኛ ቀጥረሽላት ውሃ መቅዳትና እንጨት መሸከም ከቀረላት ወዲህ፣ ሰዉ «ትርንጎ ሰውነቷ መጣላት» ሲል እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለቴ አይደለም። እናትሽ ሠላሳ ዓመት ጀርባዋ ከእንስራ ተለይቶ አያውቅም፤ ማረፍ ይገባት ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪም የነገረኝን ወልድያ ጥዬው መጣሁ።

መርሳ ስንደርስ ጽጌ ቅቤ አንጥራ ጠበቀችን። «ቢላዋ የገባባት ሴት ከአራስ በምን ትለያለች?» አለች፤ እኔም እውነትሽን ነው አልኋት። መጋረጃ ተጋረደ። አናቷ ላይ ቅቤ ተደረገ። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ሥጋ፣ ማታ መረቅ፤ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ድስት ይዞ ይመጣል። ልትነሳ ስትል «ተኚ፣ ስፌቱ ይተረተራል» የምላት እኔ ነበርሁ። ደጅ ተቀምጬም ለጠያቂው ሁሉ «ቁስሉ ደርቋል፤ ድናለች» እላለሁ። ቁስሉን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ አንቀጠቀጣት። ይታገሱ መኪና ለምኖ ወልድያ ወሰድናት። ሐኪሙ ስፌቱን ፈትቶ የተጠራቀመውን አወጣ። ስድስት ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ሆነ። መልሶ መስፋት አይቻልም፤ በየቀኑ መርሳ ጤና ጣቢያ እየታጠበ ከሥሩ ይሙላ ተባለ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልሞላ ግን እንደገና በማደንዘዣ ትከፈታለች፤ ያ ደግሞ ለእሷ ሰውነት ከመጀመሪያው የባሰ ያሰጋል አሉን። እኔን የያዘኝ ጭንቀት ይህ ነው።

ህሊና የምትባል ነርስ አለች፤ ባንቺ ዕድሜ ትሆናለች። በእናትሽ ፀጉር ላይ ቅቤውን አይታ «አባባ፣ አራስ አደረጓቸው እንዴ? ሕፃኑ የታለ?» አለችኝ። በክፍሉ ያለው ሕመምተኛ ሁሉ ሳቀ። እናትሽም ሆዷን ደግፋ ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጽጌ የነገረችሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቤት ስንመለስ በሩን ዘጋሁ፤ ድስት የያዘ ሰው አይገባም አልሁ። ጽጌ ዶሮ ወጥ ይዛ ብትመጣ ከደጅ መለስኋት። «የጠያቂ ምግብ የመለሰ በመርሳ አንተ የመጀመሪያው ነህ። ይህ ቤት ነው ወይስ ኬላ?» አለችኝ። «ኬላ ነው» አልኋት። ለእናትሽ ጠዋት ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወሰንሁላት። በግቢው ዙሪያ ጠዋት ሃያ ዙር፣ ማታ ሃያ ዙር አስኬድኋት። ሲደክማት ቆሜ እጠብቃታለሁ እንጂ ዙሩን አልቀንስላትም። በወጣትነቴ ሲሪንቃ የሙከራ ማሳ ስጠብቅ፣ ማዳበሪያ የበዛበት ማሽላ ረዝሞ ሲጋደም አይቻለሁ፤ ሲቀነስለት ይቆማል። ሰውም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዓይኔ አይቼ ነው፤ ያየሁት ሁሉ ግን ለሁሉ ነገር አይሆንም።

ቤት ከገባን በዘጠነኛው ቀን ለምርመራ ወልድያ ስንመለስ ህሊና ቁስሉን ፈትታ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ነጥቷል፤ አልሞላም። ማነው ያስራባቸው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኋት። «አባባ፣ ይህ ጉድጓድ የሚሞላው በሥጋ ነው፤ ሥጋውን ደግሞ ሰውነታቸው የሚሠራው ከሚበሉት ነው። ክብደት የሚቀንሱበት ጊዜ ይመጣል፤ አሁን አይደለም። እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ስቡ የወጣ ሥጋ ይስጧቸው። ቅቤው ይቅር፤ መራመዱ አይቅር። ሲደክማቸው ግን ይረፉ። ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል፤ ሦስተኛውን እንዳልሰማ» አለችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ብሎ የተናገረኝ የለም። የንስሐ አባታችንም ሕመምተኛ ናትና ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉ አይቋረጥባት አሉ።

ከዚያ ጽጌ ቤት ሄድሁ። ሽማግሌ አልላክሁም። «ከደጅ የመለስሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። ቅቤ ግን እንዳታመጪ» አልኋት። «ይቅርታህም እንዳንተው ደረቅ ነው» አለችና በማግስቱ ምስር ወጥ ይዛ መጣች። ዘይነባም ከሰዓት በኋላ ፓፓያ ይዛ ትመጣና እናትሽን ታስኬዳታለች። «ነይ ትርንጎ፣ ኬላው ሳይዘጋ እንዙር» ትላታለች፤ እየሰማሁ ነው የምትለው።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልነገርሁም። ባለፈው ሰኞ እናትሽ ከዘይነባ ጋር ተራምዳ፣ ዘይነባ ስትሄድ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ሆኜ «ያን ጊዜ ቁስሉ የረጠበው መቼ ነበር?» አልኋት። «ትኩሳቱ ሳይይዘኝ አራት ቀን ቀደም ብሎ ነው» አለችኝ። እርጥበቱ እንዳይታይባት ነጠላዋን እያጣጠፈች ከልብሷ ሥር ቁስሉ ላይ ታደርግ ነበር ለካ። ለምን አልነገርሽኝም አልኋት። «ለሰው ሁሉ ድናለች እያሉ ተናገሩ። ረጥቧል ብልዎ ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

ሐኪሙ በዚያው ቀን አምጧት ብሎ ነበር። ስቡ የራሱን ድርሻ ወሰደ፤ አራቱን ቀን ግን የወሰድሁባት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። በአርባ ዓመት ውስጥ አመመኝ ያለችኝን ቀን ሁሉ፣ ምን ብዬ እንደ መለስሁላት ላስታውስ ሞከርሁ። ልጽፍልሽ የምደፍረው መልስ አላገኘሁም።

ህሊና ቁስሉን ትናንት ለካችው፤ ስድስት የነበረው ሁለት ተኩል ሆኗል። የሞላውን ቀይ ሥጋም አሳየችኝ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ይገጥም እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላውቅም አለች። እኔም አላውቅም። የማላውቀውን ድናለች ብዬ አልጽፍልሽም።

ውልሽን አቋርጠሽ ልትመጪ ማሰብሽን ይታገሱ ነግሮኛል። ነይም አልልሽም፤ ቅሪም አልልሽም። እናትሽን ጠይቂያት። ከእንግዲህ በይታገሱ በኩል አትዙሪ፤ በእኔ ስልክ ደውዪ። እንዴት ናት ብለሽም እኔን አትጠይቂኝ። ስልኩን ለእሷ ሰጥቼ ከግቢ ወጥቼ መንገዱ ዳር እቆማለሁ፤ ጨርሳ እስክትጠራኝም አልገባም። የሚያማትን ታውራሽ፤ ስለ እኔም ቢሆን ያላትን ታውራሽ።

ወንድምሽ ይታገሱ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሻል። አክስትሽ ጽጌ «የተናገርሁት ለእኅቴ ብዬ ነው፣ አልጸጸትም በልልኝ» ብላ ሰላም ትልሻለች። ዘይነባ አላህ ያበርታሽ ብላለች፤ ልጇንም አደራ፣ ከዓይንሽ አትለያት። እናትሽ ሰላምታዋን በእኔ እጅ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ ራሷ ትነግርሻለች።

አባትሽ ካሳሁን
መርሳ፣ ሐብሩ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.