ከምሳ በኋላ የሚነገር

ውድ ይግዛው፣

አባባ ሞቷል። ቀብረነዋል፤ ሰባቱንም የለቅሶ ቀን ተቀምጠን ተነስተናል። ይህን ስታነብ በልተህ ይሁን ሳትበላ፣ ቆመህ ይሁን ተቀምጠህ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም። መርዶ እንዲህ ነው መነገር ያለበት። አንተ እንዲህ አልነገርከኝም፤ የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

ድሮ ቢሆን «ወንድም ጋሼ» ብዬ ነበር የምጀምረው። ከማሚቱ ምግብ ቤት ምሳ ወዲህ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ስትደውል «አቤት» ብቻ የምልህ፣ ስምህንም የማልጠራው ለዚያ ነው። አስተውለኸው እንደሆነ እንጃ። አንተ የሰው ነገር የምታስተውለው ራስህ ስትወስንለት ብቻ ነው።

ዋርሶ ላይ ብርድ እየፈጀህ በዘበኝነት የሰው በር ስትጠብቅ ያ ምሳ ትዝ ብሎህ ያውቃል? ካላለህ እኔ ላስታውስህ። አርብ ቀትር ነበር። የመጨረሻውን የላቦራቶሪ ፈተና እንዳለፍኩ ሰምቼ ፊቴ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ነው የመጣሁት። የጠራኸኝ አንተ ነህ፤ «ማሚቱ ቤት ምሳ እንጋብዝሽ፣ ዘመድ ሁሉ አለ» አልከኝ። ከገበያው ጀርባ ያለችውን ያቺን ጠባብ ቤት እወዳት ነበር። ለየብቻ ሳህን የሚባል ነገር የለባትም። ብቻውን የመጣ ሰው እንኳ ቢሆን ማሚቱ እጁን አስታጥባ ከሌላ ሰው ትሪ ታስቀምጠዋለች፤ «ብቻውን የሚበላ ሰው ከቤቴ አላይም» ትላለች። ከቂርያት ቫይዝማን የሳይንስ መንደር ለምሳ የሚወጡት ፈረንጆች ሹካ ሲጠይቋት አምስት ጣቷን ዘርግታ አሳይታቸው ታልፋለች። በዚህ በእስራኤል አገር ጮክ ብዬ የምስቀው እዚያ ብቻ ነበር።

ስገባ ሁላችሁም ብድግ አላችሁ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አጎቴ አለነ እኮ ለልጅ የሚነሱ ሰው አይደሉም። አክስቴ ትሁን ስመውኝ ትከሻዬን አልለቅ አሉ። አባባ ጥግ ይዞ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቧል። እኔ ቂሏ፣ ሁሉ ነገር ለፈተናዬ ክብር መስሎኝ ኮራሁ። ከቤታችን ዲፕሎማ ስይዝ የመጀመሪያዋ ነበርኩና።

ትሪው መጣ፤ ዶሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ። «አጉርሷት እንጂ፣ ዛሬ የሷ ቀን ነው» አልክና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለህ አፌ ውስጥ ከተትክ። ከዚያ አጎቴ፣ ከዚያ አክስቴ፣ ያኔ እጮኛህ የነበረችው ሃዳስም ሳትቀር። አንዱን ሳልውጥ ሌላው ይመጣል። «ኸረ በቃኝ፣ ልፈነዳ ነው!» እያልኩ እስቃለሁ። ሆዴን እየሞላችሁ እንደነበር አላወቅሁም። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም ተብሎ፣ ለዋናው ነገር እያዘጋጃችሁኝ ነበር።

ጠግቤ ደስ ሲለኝ እማዬ ትዝ አለችኝ። ጎንደር ናት ብዬ ነበር የማስበው። አያታችንን ለማስታመም ወደ ኋላ ቀርታ፣ ወደዚህ የመምጫ ወረፋዋ ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት አልፈውባታል። በየሳምንቱ የምትደውለው ሴትዮ ድንገት ድምጿ ሲጠፋ አንተን ነበር የጠየቅሁህ። «አርማጭሆ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አልከኝ። እኔ ግን ያኮረፈችኝ መሰለኝ፤ በፈተና ተወጥሬ ሁለት ጊዜ ስልኳን ሳላነሳ ቀርቼ ነበር። ስለዚህ እዚያው ገበታ ላይ አማኋት። የእጅ ስልኬን በሁለት እጄ ጨብጬ እንደሷ ስሜን እየጠራሁ ጮህኩ፤ «ሙልዬ! ሙልዬ! ትሰሚኛለሽ? በልተሻል? ምን በልተሻል? ኤዲያ፣ አላምንሽም፣ ይግዛውን አቅርቢልኝ!»

ሳቃችሁ። ሁላችሁም። አንተማ እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ፣ እንባህን በእጅህ ጀርባ ጠረግህና «ድገሚው» አልከኝ።

ደገምኩት። የሞተች እናቴን ድምፅ፣ መሞቷን ለሚያውቁ ሰዎች፣ አፌ በወጥ እንደተለወሰ ደግሜ አሰማሁ። ለሌላው ሁሉ ምክንያት ልፈልግልህ ሞክሬያለሁ። ለዚያች «ድገሚው» ግን ምንም ላገኝላት አልቻልኩም። ምናልባት ድምጿ ናፍቆህ ይሆናል። ይሁን፤ እኔንም ናፍቃኛለች።

ቀጥሎ የሆነውን ሃዳስ ላይ የምታላክከው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ልጅቷ ምን አጠፋች? እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ ለማገዝ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ማሚቱ ከመርዶው በኋላ ለለቀስተኛው የሚቀርበውን ንፍሮ ቀቅላ ከድና አስቀምጣለች። ሃዳስ ስንዴና ሽምብራ አየች፤ ከወጡ ጋር የሚበላ ነገር መሰላት። በሰሃን አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። የሷን ፈገግታ አይቼ እኔም አንድ እፍኝ አነሳሁ። አፌ ውስጥ ጣል አድርጌ እያኘክሁ፣ «ምነው ንፍሮ? ማን ሞቶ ነው?» አልኩ። ቀልዴን ነበር።

የሚስቅ ጠፋ። አባባ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳበ። አጎቴ አለነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ ማን አምጪ አለሽ?» አሏት። ሃዳስ «ሎ ያዳዕቲ፣ ስሊኻ፣ አላወቅሁም፣ ይቅርታ፣ ምግብ መስሎኝ ነው» እያለች ሰሃኑን መልሳ ልታነሳ ስትል ንፍሮው ትሪው ላይ ፈሰሰ። ከወጥ ቤት የማሚቱ ዋይታ ተሰማ። ሽምብራው ገና አፌ ውስጥ ነበር። መትፋት አሳፍሮኝ ዋጥኩት።

«ማናት?» አላልኩም። አባባ አለ፣ አንተ አለህ፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። «መቼ?» ነው ያልኩህ። አንተም እኔን ሳይሆን አጎቴ አለነን አየህ። «ወር አልፎታል ሙልዬ» አልከኝ። «ፈተናሽ እንዳይበላሽብሽ ብለን ነው። ደግሞ ሳትበዪ እንዳይነገርሽ ብለን ነው።» ትዝ ይልሃል እንዴት ተረጋግተህ እንዳልከው? ሥራውን በደንብ እንደሠራ ሰው።

እኔ መሬት ላይ ተፈጥፍጬ ፊቴን ስቧጥጥ አጠገባችን ያለችው ፈረንጅ የባህል ነገር ያየች መስሏት ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኝ ነበር። ማሚቱ ናት በነጠላ የጋረደችኝ። የሆነ ቦታ፣ የሆነች የማላውቃት ሴት ስልክ ውስጥ ልቅሶዬ አለ። አንዳንዴ ታየው ይሆን እላለሁ።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ቤቴ ሄጄ ሰባት ቀን እቀመጣለሁ ስል አጎቴ አለነ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰላሳው ቀን አልፏል ልጄ። ሰላሳ ካለፈ በኋላ ለሰማ ሰው ሕጉ አንድ ሰዓት ነው። ረቢውን ጠይቀናል።» ጠይቀናል! ለእናቴ ስንት እንደማለቅስ ሳልሰማ በፊት ተጠይቆልኝ፣ ተወስኖልኝ ነበር። እናንተማ አክስቴ ትሁን ቤት፣ ኦሺዮት ሰፈር፣ ሰባቱን ቀን በወጉ ተቀምጣችኋል። ያን ሳምንት ስደውል ከጀርባህ የሰው ድምፅ በዝቶ «ግርዛት ላይ ነን» ብለኸኝ ነበር፤ እኔም «እንኳን ደስ አላቸው በልልኝ» አልኩህ። እና እዚያው ማሚቱ ቤት፣ ያልተነሳ ትሪ ሥር፣ ወለል ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ሲሞላ «ተነሺ እንግዲህ፣ ሰንበት እየገባ ነው» ብለህ እጄን ይዘህ አነሳኸኝ።

አሁን ወደ አባባ ልመለስ።

ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ሆስፒታል አስገባነው፣ ሁለት ቀን ቆየ። በነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ነቅቶ ነበር። «ይግዛው መጣ?» ብሏል፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። ስልኬን አንስቼ ልደውልልህ ስል አጎቴ አለነ እጄን ያዙኝ። «በሰው አገር ብቻውን ነው። ቢወድቅ ማን ይይዘዋል? ለፑሪም በዓል ይመጣ የለ፤ በልቶ፣ በዘመድ መሀል ይስማው። ይግዛው ራሱ ቢሆን እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አሉኝ። ምን ብዬ ልከራከር? እውነታቸውን ነው። አንተ ያስያዝከው ወግ ነው። ያኔ በአውሮፕላን ተሳፍረህ ልትደርስበት ትችል ነበር፤ እጁን ይዘህ «መጣሁ አባባ» ልትለው ትችል ነበር። ያን ያስቀረብህ ማንም አይደለም፤ ራስህ ነህ።

አስምለው ዝም አሰኙኝ። ስትደውል የምታነሳውም ሙሉሸዋ ትሁን ተባለ፤ «ድምጿ አይሰበርም» ብለው መረጡኝ። ልክ ናቸው፤ አይሰበርም። «አባባ እንዴት ነው?» ትለኛለህ። «ቤሰደር ነው፣ ደህና ነው፣ ተኝቷል።» «ቤሰደር ነው፣ ምኩራብ ሄዷል።» መጀመሪያ ላይ ስልኩን ለመዝጋት እቸኩል ነበር። ኋላ ኋላ ግን፣ ልደብቅህ አልፈልግም፣ ጣመኝ። አንተ ያኔ የቀመስከውን ቀመስኩት። ሌላው የማያውቀውን ማወቅ፣ እያወቁም ዝም ማለት፣ «ለሱ ብዬ ነው» ማለት ለካ እንዲህ ሰውን ከፍ ያደርጋል! ያኔ ፊትህ ላይ የነበረው መረጋጋት ከየት እንደመጣ የገባኝ አሁን ነው።

ለቅሶ ላይ ሳለን የደወልክባትን ቀን ታስታውሳለህ? መስታወቱ ተሸፍኖ፣ ፍራሽ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ነበር። አንተ ደስ ብሎህ አባባ ባቡር ጣቢያ ሲነጫነጭ አስመሰልክልኝ፤ ባቡሩ ሳይመጣ ገና «ትቶን ሄዷል፣ አይቶን ነው የሄደ፣ ሾፌሩ አይወደኝም» እያለ ሲዘዋወር። አቤት ስትችልበት! ድምፁ ራሱ ነበር። ሳቅሁ ይግዛው። ለማስመሰል አይደለም፤ ከሆዴ ሳቅሁ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አክስቴ ትሁን ነጠላቸውን አፌ ላይ ጣሉት። አንተ ከወዲያ «ምነው ሳቅሽ ታፈነ?» ስትል ሰማሁህ። «ሳል ነው» አልኩህ።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ሰንብቷል። በመሳቢያ ውስጥ አቆይቼ፣ ሰላሳው ካለፈ በኋላ ነው ፖስታ ቤት የምወስደው። በስህተት አይደለም። የአንተን ሰዓት ብቻህን፣ እዚያው ዋርሶ ቁጭ በልባት። ጨካኝ ነሽ በለኝ፤ ነኝ።

አሁን የሚሆነውን ልንገርህ። ለፑሪም ስትመጣ አጎቴ አለነና አክስቴ ትሁን አውሮፕላን ማረፊያ ይቀበሉሃል። ቤት አይወስዱህም። በባቡር ረሆቮት ወርዳችሁ ማሚቱ ቤት ትገባላችሁ፤ ቦታው ተይዟል። አክስቴ ትሁን ያን ምሳ ሲያወጡ ሲያወርዱ ነው የከረሙት፤ ማን አጠገብህ እንደሚቀመጥ፣ ስትወድቅ ማን እንደሚደግፍህ ሳይቀር አስበውበታል። ከሐዘናቸው የተረፋቸው ነገር ይኸው ለአንተ መጨነቅ ብቻ ነው። «ሰምቻለሁ፣ ሙሉሸዋ ነግራኛለች» ልትላቸው ትችላለህ፤ አፍህን የሚይዝህ የለም። ከቻልክ በላቸው። እኔ ግን አውቅሃለሁ፤ አሮጊት ፊት አትጨክንም። የጨከንከው በእኔ ብቻ ነው።

ስለዚህ ትበላለህ። አክስቴ ሲያጎርሱህ ትውጣለህ። ስለ ዋርሶ ሲጠይቁህ ታወራለህ። እንዳይጠረጥሩህ ደግሞ አንድ ነገር የግድ መጠየቅ አለብህ፤ ጤነኛ ልጅ የሚጠይቀው ነው። ትሪው ላይ ቀና ብለህ፣ ድምፅህን ሳትሰብር፣ «አባባስ? ምነው ዘገየ?» ትላለህ።

ፊት ለፊትህ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሁሉም ዓይናቸውን ሲሰብሩ እኔ ዓይን ዓይንህን እያየሁ፣ «ቤሰደር ነው፣ እየመጣ ነው፣ አንተ ብላ» እልሃለሁ።

እህትህ ሙሉሸዋ
ረሆቮት