የአባዬ አርባና የጠፋው ኔትወርክ

ረቡዕ
ጠፋ። በቃ፣ ኔትወርኳ ጠፋ። የቢሯችን የመሬት መዝገብ ያለባት ቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራችው ኮምፒውተር) ትነሳለች፣ ትሠራለች፣ ግን ከማንም ጋር አትገናኝም። ትናንት ከርነሏን፣ የሲስተሟን እምብርት፣ ወደ አዲስ ያሳደግኩት አለቃዬ አቶ ይርጋ "ከላይ ታዟል" እያለ ስለጨቀጨቀኝ ነው። (ፊቱ ላይ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም።) ከአባዬ አርባ በኋላ ይሁንልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። አሮጌውን ከርነል እንኳ ቦታ ያዘ ብሎ አስጠፋኝ፤ አሁን መመለሻ የለኝም። ለሰው ሁሉ ደግሞ ያበላሸቻት እሷ ናት ይላል።

ሐሙስ
ገመዱ ደህና። ስዊቹ ደህና። ሌሎቹ ማሽኖች ደህና። ፋየርዎሉን ባጠፋው ለውጥ የለም። አይፒው፣ የኔትወርክ አድራሻዋ፣ እኔ የጻፍኩት የኔትወርክ ፋይል ላይ እንደነበረ አለ፤ ማሽኗ ግን አልያዘችውም። ለምን?

መስኮቱ ጋ ከገጠር የመጡ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። ሲስተም የለም ስላቸው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ መጡበት ተመለሱ። አፈርኩ።

አርባው ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቦቼ ባሉባት አርብ ገበያ ከተማ ነው፤ ነገ መሳፈር አለብኝ። ፈቃድ ስጠይቀው አቶ ይርጋ ቀና ብሎም አላየኝ።

"ሲስተሙ ሳይነሳ ከዚህ አትንቀሳቀሽም።"

አባት የለውም እንዴ ይሄ ሰው?

ዓርብ
እዚያ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ እኔ ከምሠራበት ከንፋስ መውጫ ከተማ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ሞልቶ ነበር። ሁሉም አለፈኝ። ከርነሉን ደግሜ ጫንኩት፣ ያው ነው። እልህ ያዘኝ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ምሳም አልበላሁም።

ቅዳሜ
ጠዋት ቢሮ እያለሁ እህቴ ዘነቡ ደወለች። የቀብሩ ዕለት የነበሩት ቄስ ታመው ሌላ መጥተዋል፤ የአባዬን የክርስትና ስም ሲጠይቋት ጠፋባት። እማዬ እያለቀሰች ስለሆነ ልትጠይቃት አልቻለችም።

"ገብረ ማርያም በያቸው" አልኳት። "በዓለም ስሙ እንዳይጠሩት።"

ስልኩን ዘግቼ ስክሪኑ ላይ ፈጠጥኩ። ስም! እስካሁን ፋይሉን እንጂ ካርዷን አላየሁም ነበር። አዲሱ ከርነል ለኔትወርክ ካርዷ ሌላ ስም አውጥቶላታል፤ የእኔ ፋይል አሁንም በድሮው ይጠራታል። እንዴት ትሰማ? አንድ ቃል ቀይሬ አስነሳኋት፣ መለሰች። ለአንድ ቃል ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ።

አቶ ይርጋ ወዲያው ወደ ላይ ደውሎ ችግሩን ፈትተነዋል ሲል ሰማሁት። ከዚያ አሁን መሄድ ትችያለሽ አለኝ። እግዜር ይይለት።

መናኸሪያ ስደርስ ዘነቡ ደግማ ደወለች። ፍትሐቱ አልቋል፣ ሰው ለመብል ተቀምጧል። አባዬ በስሙ ተጠራ። ስሙን ያቀበልኩት እኔ፣ ሲጠራ ያልሰማሁት እኔ።

ሚኒባሱ ውስጥ ነኝ፤ ገና አልሞላም። እማዬን ምን ብዬ አያታለሁ?