መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ

ውድ እህቴ ዊዳድ፣

ሰላምታውን እማዬ በየጁምዓው ስለምታደርስልሽ እዚህ አልደግመውም። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ለምን በወረቀት እንደጻፍኩልሽ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ልነግርሽ አልችልም። የኛ ቤት ስልክ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ነው፤ እማዬ ካልሰማችው ነገሩ የተነገረ አይመስላትም። መልእክት እንዳልልክልሽ ደግሞ ባልሽ አነስ እየነዳ አንቺ ጮክ ብለሽ ታነቢለታለሽ፤ በቪዲዮ አይቼሻለሁ። ስለዚህ ካዘዝሽኝ ዕቃ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ቤት ባደረጋችሁት መኪና ውስጥ ብቻ መሆን ከተቻለ ነው ታዲያ።

እቀናብሻለሁ ዊዳድ። ይኸው ተናገርኩት። «ማሻአላህ» እያልኩ ከቪዲዮሽ ሥር የምጽፈውን አትመኚው፤ ግማሹ ጥርስ እየተነከሰ የተጻፈ ነው።

በዚያ መኪና እኔ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። የአነስ አባት ከጦር ኃይሎች ዓለም ባንክ ታክሲ ሲሠሩበት፣ በሩ ሥር ተጣብቄ፣ የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ። ቀሚሴን የቀደደው የበሩ ብረት ትዝ ይልሻል? አሁንም እዚያው አለ፤ ባለፈው ቪዲዮ ላይ አየሁት። አረንጓዴ ቀብታችሁ የዱር አበባ አንጠልጥላችሁበታል። ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ ገባ፣ ምድጃ ገባ፣ የውሃ በርሜል ገባ፣ ጣሪያው ሶላር ለበሰ፤ ያ የተረገመ ሚኒባስ ሐይቅ ዳር ቆሞ ሰው «ሲያምር!» ይለዋል። እኔን ሲጭነኝ ያማረበት ቀን አላውቅም።

ሥራሽስ? የሰው ድርጅት ሒሳብ በኢንተርኔት ትሠሪያለሽ። ኔትወርክ ባለበት ትሠሪያለሽ፣ በሌለበት ትዋኛለሽ። በየደረስሽበት ሁለት ሲም ካርድ እየቀያየርሽ፣ ስልኩን ረጅም እንጨት ላይ አስረሽ ወደ ሰማይ እያወጣሽ፣ «የትኛው ኮረብታ ላይ ይሠራል?» ብለሽ የአገሩን ወጣቶች እየጠየቅሽ። ያንን «ችግራችን» ብለሽ ታቀርቢዋለሽ፤ እኔ ደግሞ ማሽኔ ላይ ተጎንብሼ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ እንዲህ ዓይነት ችግር ለኔም ባደረገው እላለሁ።

የመጋረጃውን ነገር ደግሞ አልረሳሁም። አንዷ ተከታታይሽ «መጋረጃው የት ነው የተገዛው?» ብላ ጠየቀችሽ። «ከአዲስ አበባ ነው» አልሻት። ከአዲስ አበባ! ስፌቷ መቼም አያድርስ ነው፣ አዲስ አበባ። የረመዳን ፆም አፌ ላይ ደርቆ፣ የእያንዳንዱን መስኮት ልክ ገብቼ ለክቼ፣ ጠርዙን በእጄ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። «እህቴ ናት የሰፋችው» ማለት ምን ያህል ዳታ ይበላብሽ ነበር?

ይሁን። ይሄ ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ የጁምዓው ነው።

ያንቺ ቀን ሲሆን እማዬ ሌላ ሰው ናት። ከሰዓት በኋላ ላይ ሻሿን ታስቀይረኛለች፣ ኩሏን አምጪ ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ ሽቶ። ለስልክ ሽቶ የሚቀባ ሰው ከእማዬ ሌላ አይቼ አላውቅም። ወንበሯን አውጥቼ ከፅጌ ግቢ ጋር የሚያዋስነን ግንብ ሥር አስቀምጥላታለሁ፤ የፅጌ ዋይፋይ ጥሩ አድርጎ የሚደርሰው እዚያ ነው። የይለፍ ቃሉ «ሃሌሉያ» እንደሆነ እስከዛሬ ለእማዬ አልነገርኳትም። ከዚያ እኔ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስልኩን በሁለት እጄ እይዛለሁ። አንቺ የምታይው እሷን ብቻ ነው። ስልኩን የያዘውን ሰው ማን ያያል?

«ልጄ! ከሳሽ እኮ!» ትላለች። አልከሳሽም። ዓይኗ ደክሞ በደንብ እንኳ አታይሽም። እኔ ጠዋት የማጥባት፣ መድኃኒቷን የምሰጣት፣ «ሻዩ ቀዘቀዘ» ነው የምባለው።

ዱዓው ሲጀመር ደግሞ ያንቺ መስመር መንተፋተፍ ይጀምራል። «እማ፣ ትሰሚኛለሽ? አሁንስ? አሁንስ?» ትያለሽ። ከዚያ ፊትሽ አፉን እንደከፈተ ይደርቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። እማዬ ግን አታቆምም። መዳፏን እንደዘረጋች ትቀጥላለች። በኛ ቤት ምርቃት መሃል መንገድ ላይ እንደማይተው ታውቂያለሽ። አባባ «አሚን ያላገኘ ዱዓ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ነው፤ ግባ የሚለው ይፈልጋል» ይለን አልነበር? ስለዚህ አንቺ ስትጠፊ ላንቺ የተመረቀውን አሚን የምለው እኔ ነበርኩ።

ምን ምን እንደምትልሽ ልንገርሽ፤ ስለማትሰሚው። «እጅሽን ይባርከው» ትላለች። «የወገብሽን ሕመም ያንሳልሽ። ድካምሽን የሚያይ፣ አይዞሽ የሚልሽ ሰው ይስጥሽ።» እኔ ወገቤ ማሽን ላይ ተቆርጦ፣ እሷ ላንቺ ወገብ ትለምናለች! አይዞሽ የሚላት ሰው? አነስ ምን ሊሆን ነው? ለሌላ ልትድራት ነው እንዴ እያልኩ በሆዴ፣ ከላይ «አሚን»። አሚኔ አሚን አይባልም፤ የጨው ድንጋይ የመዋጥ ያህል ነበር።

አንቴናውን ያዘዝሽኝ ቀን ነው ነገሩ የፈነዳው። «ጦር ኃይሎች ሱቆቹ ጋ አለ አሉ፣ የኔትወርክ ማጉያ፣ ጣሪያ ላይ የሚታሰር። ገዝተሽ በአርባ ምንጩ አውቶቡስ ላኪልኝ። ከዚያ በኋላ እማ፣ መቆራረጥ የሚባል የለም!» ብለሽ አጨበጨብሽ። እማዬ ያን ጊዜ ትንሽ ዝም አለች። ደስታ መስሎኝ ነበር። ወዲያው አፍሽን እንደከፈትሽ ደረቅሽና ጠፋሽ፤ እሷም መዳፏን ዘርግታ «እጅሽን ይባርከው፣ የወገብሽን ሕመም ያንሳልሽ» ማለቷን ቀጠለች።

ያን ቀን ጠዋት ከአልጋ የተነሳሁት ግድግዳ ይዤ ነው። አሚን ማለት አቃተኝ። አፌን ገጠምኩ። እማዬ ጠበቀች። መዳፏ እንደተዘረጋ ነው፤ እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ነኝ።

ይሄኔ ከግንቡ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ፅጌ፣ እንደ ቸርቿ በሙሉ ድምፅ «አሜን! አሜን ይሁን እማማ!» አለች።

እማዬ ሻሿ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት ወደ እኔ ዞረች።

«ወይ አንቺ ልጅ! ያንቺን ለጎረቤት ሰጠሽው?»

«የኔን? የዊዳድን ነው እንጂ!» አልኳት። ድምፄ እንደመቆጣት አለ።

«ዊዳድማ ሄዳለች። የደከመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ነው? ስትቆረጥ የማላውቅ መስሎሻል?»

«ታዲያ የማንን ወገብ ነው የምትመርቂው?»

«ዊዳድን ወገቧን ምን ያማታል? አልጋዋን ይዛ እየዞረች!»

ስልኩን ዝቅ አደረግሁት። እሷም መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

«አንቺን ቁጭ በይ ልመርቅሽ ብልሽ ‹እሺ መጣሁ› ብለሽ ወደ ማሽንሽ ነሽ። ወይ ወጡ አረረ፣ ወይ ደንበኛ መጣ። ፊቴ የምትቀመጪው ስልክ ስትይዢልኝ ብቻ ነው። ምን ላድርግ? እሷ እስክትቆረጥ እጠብቃለሁ። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ያንቺ ነው።»

ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ንጹሑን ሳፋ ሳጥብ ቆየሁ። አለቀስኩ ዊዳድ። ያን ሁሉ ጁምዓ የራሴን ምርቃት በራሴ ላይ እየቀናሁ ነው አሚን ያልኩት። እንዲህ ያለ ቅናት በአገር ተሰምቶ ያውቃል? የወገቤን ሕመም ነግሬያት አላውቅም እኮ፤ ከማሽኑ ስነሳ የማወጣውን ድምፅ ከውስጥ ሆና ስትሰማ ኖራለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ሰው ሆኜ እቀር ነበር። አላለቀም።

በሚቀጥለው ጁምዓ እኔም ሻሼን ቀየርኩ። አዎ፣ ሳቂ። በርጩማዬ ላይ ተመቻችቼ ያንቺን መቆረጥ እጠብቅ ጀመር። ያን ቀን ግን ሐይቁ ዳር ከተማው አጠገብ ቆማችኋል፤ መስመሩ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ስለ ዓሣው አወራሽ። ስለ አዞው አወራሽ። አነስ መጥቶ ስለ ጎማው አወራ። እማዬ «መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብላ ያንቺን ድርሻ ጨርሳ ቆም አለች። አንቺ ግን አሚን ብለሽ ደግሞ ሌላ ወሬ ጀመርሽ። እኔ በልቤ «ያ ረቢ፣ አንድ ተራራ በመሃላችን» እላለሁ። የፅጌን ዋይፋይ ሄጄ ብነቅለው ሁሉ ብዬ ነበር። በመጨረሻ የአስር ሶላት ተሰገደ፣ እማዬ ደከማትና እንቅልፍ ወሰዳት። ለኔ ሳይደርሰኝ።

«ለምን ራስሽ አትጠይቂያትም?» ትይኝ ይሆናል። ጠየቅኋታ! በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ፊቷ ተቀመጥኩና «በይ መርቂኝ» አልኳት። መረቀችኝ። ባጭሩ፣ ለቤት ኪራይ ሰብሳቢ እንደሚመረቀው። «አላህ ይስጥሽ፣ ያኑርሽ» አለችና «ሻይ አለ?» አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ልቧን የሚያሞቀው ያንቺ ድምፅ ነው። አንቺ ካሞቅሽው በኋላ ነው እኔ የምጠጣው። ከዚህ የበለጠ የሚያስቀና ነገር ካለ ንገሪኝ፤ የኔ የምለው እንኳ ባንቺ በኩል ነው የሚመጣው።

እንዲያ ሆኜ ነው አንቴናውን ልገዛ ጦር ኃይሎች የሄድኩት። ሻጩ ገሜዳ የሚባል ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው። አወጣልኝ።

«ይሄ ካለ የትም ቦታ ይግቡ፣ መቆራረጥ አይታሰብም» አለኝ።

«ደከም ያለ የለህም?»

«እ?»

«አለ አይደል… ትንሽ የሚያቋርጥ።»

አየኝ። «እቴ፣ ሰው ጠንካራውን ነው የሚለምነኝ። ለሚጠሉት ሰው ነው እንዴ?»

«ለእህቴ ነው» አልኩት። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።

ጠንካራውን ገዛሁልሽ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እሱ ነው። እንዳይንገጫገጭ ከመጋረጃሽ በተረፈው ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። እንዲህ ያደረግሁት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። እማዬ ዘንድሮ ድምፅዋ ቀንሷል፤ አንቺ በስልክ አታውቂውም፣ አጠገቧ ያለ ነው የሚያውቀው። አንድ ጁምዓ ጨርሶ ሳታገኝሽ ቀርታ፣ ሽቶዋን እንደተቀባች ግንቡ ሥር ስትጠብቅሽ ማየት ከቅናቴ የባሰ ነው የሚያመኝ። ይኸን ያህል ብቻ ነው ደግነቴ።

ግን በነጻ አይደለም። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። መጋረጃው ላይ ስሜን መጥራት አለ፤ እሱ በራሱ ይመጣል ብዬ ትቼዋለሁ። ዋናው ይሄ ነው። አንቴናውን እሰሩት። ጁምዓ ስትደውይ ጥርት ብለሽ ነይላት፤ አሳቂያት፣ ስለ አዞው ደግመሽ ንገሪያት፣ አሙቂልኝ። መዳፏን ስትዘረጋ አሚንሽን በይ፤ የራስሽን አልከለክልሽም። «መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ» ስትል ግን፣ የኔ እህት፣ ቃሏን እንደጨረሰች ስልኩን ዝጊው። ቻው አትበይ፤ ቻው ካልሽ እሷም ቻው ብላ መዳፏን ትሰበስባለች። ድንገት፣ እንደ ድሮው፣ አፍሽን እንደከፈትሽ።

ማታ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ብታስደውለኝ፣ ኔትወርክ ነው በያት። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንቺ ብቻ ኔትወርክ ነው በይ።

ስልክ ያዥዋ እህትሽ
አልፊያ
ኮልፌ፣ ከፅጌ ግንብ ሥር