የእትዬ ሥራውስ ካርዶች፤ የመምህርቷ የሕይወት ታሪክ

መምህርቷ ሚያዝያ 11 ቀን 1946 ዓ.ም. የዕንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱት ከመሰንጠቂያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። መጋዙ ሲዞር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ሰጋቱራው በመስኮት እየገባ አልጋውንም ሳህኑንም ሕፃኗንም እኩል ያለብሳል። እናታቸው «ይቺን ልጅ ያሳደጋት ሰጋቱራ ነው» ይሉ ነበር። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመት የሚበልጣቸው አንድ ወንድም አላቸው፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውም እሱ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በዓመቱ አባታቸው በሥራ ላይ እንዳሉ ግንድ ተንከባሎባቸው ዐረፉ። ወንድማቸው ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበር። ደብተሩን ለእህቱ ሰጥቶ የአባቱን መጋዝ ያዘ። የደብተሩ ግማሽ አልተጻፈበትም ነበር፤ ያንን ግማሽ እሳቸው ጨረሱት።

ወረቀት ሲያልቅባቸው ወንድማቸው ሊልገው ባስቀመጠው ሳንቃ ላይ በአናጢ እርሳስ ይጽፉ ነበር። እሱ ይልገዋል፤ እሳቸው ደግሞ በሌላው ላይ ይጽፋሉ። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ፊደላት በሙሉ ተጽፈውበት ለደንበኛ የተሰጠ ጠረጴዛ አለ። እስከ ዛሬ የሚበላበት ቤት ይኖር ይሆናል፤ ጎንበስ ብሎ ያየው ግን ያለ አይመስልም።

በ1965 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሱ። ዘጠኝ ወር የታይፕ ጽሕፈት ተምረው በ1966 ዓ.ም. በአንድ አስመጪ ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ሲመለሱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጡላቸው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አሥርና አሥራ አምስት ተመሳሳይ የሚደረድር መጽሐፍ ነው። በቀን አርባ ቃል ይሸመድዱ ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው የሚጸልዩ ይመስለው ነበር። ትልቅ የሚለውን ቃል በአሥራ ሁለት መንገድ ይሉታል። ሰው ያደንቃቸዋል። ወጣት ነበሩና ደስ ይላቸው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የውጭ ሰዎች የሚመሩት አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ዋና አናጢ ፈለገ። ወንድማቸው በሥራው ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆይቷል። የጎደለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምስክርነት ደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን የድርጅታቸው ሥራ አስኪያጅ እንዲፈርሙበት እሳቸው ጻፉት። ወንድማቸው ዕንጨት የማያባክን ሰው መሆኑን መግለጽ ፈለጉ። ለዚህ የሚያውቁት ቃል ትሪፍቲ የሚለው ነበር፤ ቆጣቢ ማለት ነው። ለወንድማቸው ግን ቃሉ አነሰባቸው። መጽሐፉን ገለጡና ከሥሩ ከተደረደሩት ረጅሙን፣ የተማረ ሰው የሚናገረውን መረጡ። ፓርሲሞኒየስ ይላል። ለወንድማቸው ቆንጆ ልብስ የመረጡ ያህል ነው የተሰማቸው።

በሳምንቱ ወንድማቸው ፋብሪካው ደጃፍ ቆመ። የሠራተኞቹ አለቃ ወጥተው፣ «አንተ፣ ደብዳቤህ እኮ ስስታም ነው ይላል። ስስታም አናጢ ሙጫ ይቀንሳል፣ ምስማር ይዘላል ነው የሚሉት። ማን ነው የጻፈልህ? ጠላት አለህ እንዴ?» አሉት። «የለኝም» ብሎ በእግሩ ተመለሰ። ቤት ሲጠየቅ «ቦታው ሞልቷል» አለ። እናታቸው «ይሁን፣ ያንተ ያልሆነው አይደርስህም» አሉና ነገሩ ተዘጋ።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ1971 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሲያነቡ ያችን ቃል አገኟት። የታሪኩ አባት ገንዘብ ሳያጣ ለታመመ ልጁ ሐኪም መጥራት ይሳሳል፤ ጸሐፊው ሰውየውን የሚጠራው በዚያች ቃል ነበር። መጽሐፉን ዘጉት። በማግስቱ ቢሮ ገብተው የደብዳቤውን የካርቦን ግልባጭ ከፋይሉ አወጡ። ቃሏ ሰማያዊ ሆና እዚያው ተቀምጣለች።

በምሳ ሰዓት በታኮ ጫማቸው ፍቅፋቂውን እየረገጡ ወርክሾፑ ገቡ። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እውነት ቦታው ሞልቶ ነው?» አሉ። ወንድማቸው መላጊያውን አላቆመም። «ሞልቶ ነው። ሂጂ እታለም፣ ልብስሽ በሰጋቱራ ይበላሻል» አላቸው። ከዚያ ወጡ። የሄዱበት የጫማቸው ፋና ቀኑን ሙሉ በሰጋቱራው ላይ ታትሞ ዋለ፤ ወንድማቸውም እስከ ማታ ወለሉን አልጠረገም።

ያንን ወፍራም መጽሐፍ ከዚያ በኋላ አልገለጡትም። የምትወላገድ ጠረጴዛ ነበረቻቸው፤ ከአንዱ እግሯ ሥር ወሸቁት። ወንድማቸው እግሯን ላስተካክል ቢል «ተወው፣ አሁን ነው ሥራ ያገኘው» አሉ።

በ1972 ዓ.ም. ከድርጅቱ ለቀው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። ጓደኞቻቸው አበደች አሉ። በ1973 ዓ.ም. ፋርማሲስት የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ረጋ ያሉ፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። መምህርቷ በኋላ የጀመሯቸውን የቃላት ካርዶች መጀመሪያ የተረዱት እሳቸው ናቸው። «መድኃኒትም እንዲሁ ነው» ይሉ ነበር። «ሁለቱም ራስ ምታት ያስታግሳሉ። አንደኛው ግን ጨጓራ ላለበት ሰው መርዝ ነው። መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምን ዋጋ አለው?» በ1976 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

መምህርቷ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ሁለት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። የመዳፍ ስፋት ያላት ነጭ ካርድ ይቆርጣሉ። ከላይ ቃሉን ይጽፋሉ። በቀኝ በኩል ሌሎች መምህራን ተመሳሳይ የሚሉትን ይጽፋሉ፤ እሳቸው ግን ጎረቤት ነው የሚሉት። «ተመሳሳይ የሚባል የለም፣ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ መካከሉ ግድግዳ አለው» ይሉ ነበር። በግራ በኩል ተቃራኒውን ይጽፋሉ፤ ባላጋራ ይሉታል። የካርዷ ጀርባ ባዶ ነው። ተማሪው ካርዷን ይዞ ይሄዳል፤ ቃሉን በሕይወት ላለ ሰው፣ በእውነተኛ ጉዳይ፣ በቦታው ተናግሮ ያንን ዓረፍተ ነገር ጀርባዋ ላይ ጽፎ ይመልሳታል። ቃሉን ከነጎረቤቱ፣ ከነባላጋራው ሸምድዶ ደረቱን ለሚነፋ ተማሪ የሚመልሱት አንድ ነገር ነው፤ «ሥራውስ?» ይሉታል። እትዬ ሥራውስ የሚለው ስም የወጣላቸው ለዚህ ነው። ስሙን ያወጡት ተማሪዎች ሲያሾፉ ነበር። እሳቸው ግን ወደዱት።

አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ መጥተው «ሌሎች በሳምንት ሃያ ቃል ያስተምራሉ፤ የእርስዎ ለምን አምስት ብቻ ሆነ?» አሏቸው። «የእነሱ ሃያው ያልተገራ በቅሎ ነው፣ ጌታዬ። የኔ አምስቱ ጭነት ይሸከማሉ» ብለው መለሱ። የደረጃ ዕድገታቸው ለሁለት ዓመት ዘገየ። አልተጸጸቱም።

ልጃቸው በስምንት ዓመቷ ተናድዳ በእንግሊዝኛ «እጠላሻለሁ» አለቻቸው። አልተቆጡም። «ከመጥላት በፊት ሦስት ጎረቤቶች አሉ። ደጃቸውን አንኳኩተሽ ነው ወይስ ዘለሽ ነው የመጣሽው?» አሏት። ልጅቷ አስባ አስባ «ትንሽ ተቀይሜ ነው» አለች። ያችም ካርድ ሆና ተመዘገበች። ልጅቷ ዛሬ መሐንዲስ ናት።

ካርዶቹ ሲበዙ ወንድማቸው ሳጥን ሠራላቸው። በ1975 ዓ.ም. ነው። ከቁርጥራጭ ዕንጨት የተሠራ፣ ሠላሳ ስድስት መሳቢያ ያለው፣ አንድ ምስማር ያልገባበት ነው። በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ስበው አዩ፤ አንዱም አልያዛቸውም። ከዚያ ቁጭ ብለው አዲስ ካርድ ጻፉና ቁጥር አንድ ብለው ሰጡት። ከላይ ፓርሲሞኒየስ፣ በቀኝ ትሪፍቲ፣ በግራ ጄነረስ ይላል። ወንድማቸው እንግሊዝኛ አያነብም። ስለዚህ እንዲህ አሉት፦ «ጋሼ፣ የቀኙ ዕንጨት የማያባክን ማለት ነው። የላዩ ግን ለሰው የሚገባውን የሚነፍግ ማለት ነው። የግራው ለጋስ ነው። ይቺ ያንተ ናት፤ ሥራዋን ስታገኝ አምጣልኝ።»

ወንድማቸው የተፈለገበትን ዐወቀ። የፈለጉት ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል እንዲናገራቸው ነበር። ቢቆጣም ቁጣ ነው፤ ቢምርም ምሕረት ነው። ካርዷን ከመሮዎቹ ሥር፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ወለል ላይ አስቀመጣት። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት «ጋሼ፣ ካርዴስ?» ይላሉ። «እየሠራሁባት ነው» ይላል። ሁለቱም ይስቃሉ። ይህ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ሆነ።

ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. በድንገት ዐረፉ። መምህርቷ በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በወንድማቸው ወርክሾፕ፣ ቫርኒሽ በሚደርቅበት ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ያስተምሩ ነበር። ነርሶች፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ ሾፌሮች ይመጡ ነበር። አንድ ሾፌር ሰዓት አክባሪ የሚለውን ቃል ወስዶ በአምስት ወሩ መለሰ። ጀርባው ላይ «ሰዓት አክባሪ አይደለሁም» ብሎ ጽፏል። «እውነት ነው፤ በቦታውም ነው» ብለው ተቀበሉት። በሳቅ ዕንባቸው ፈሰሰ።

ከተመለሱት ካርዶች ሦስት ሺህ መርጠው መጽሐፍ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ቃል ከጎረቤቱ፣ ከባላጋራውና ሰው በእርግጥ ከተናገረው ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ሥራው በ2013 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። የመጀመሪያው ገጽ ግን ባዶ ነበር፤ ለካርድ ቁጥር አንድ የተተወ ነው። ማተሚያ ቤቱ «አንድ ቃል ናት፣ ይዝለሏት» ቢላቸው «እሷን ከዘለልኩማ ለምን ጻፍኩት» አሉ። ረቂቁ ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። የጉበት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉ። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ቀናት በሆስፒታል አሳለፉ። ወንድማቸው ከጎናቸው አልተለየም። ካርዷ በደረት ኪሱ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን የአልጋቸው ራስጌ ቁም ሳጥን በር ሲንሲያጠጥ ሰማ፤ በማግስቱ ካቻቢቴ ይዞ መጥቶ አጠበቀው። በሦስተኛው ቀን የክፍሉን በር ዘይት ቀባ። በአምስተኛው ቀን የጎረቤት ታማሚዋን ወንበር ሲጠግን አይተው «ጋሼ፣ ሆስፒታሉን ልትጨርሰው ነው እኮ» አሉ።

በሰባተኛው ቀን እጁን ያዙት። «ጋሼ፣ ካርዴስ?» አሉ።

«ዕረፊ እታለም፤ ሲሻልሽ» አላቸው።

«እሺ ጋሼ» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

መምህርቷ ያስተማሯትን አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። በመዝገባቸው መሠረት ስልሳ አንድ ካርዶች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ከያዛችሁት መካከል እዚህ የተገኛችሁ ትኖራላችሁ። ሥራውን ያገኛችሁ ለልጃቸው ስጡ። ያላገኛችሁ አትዘግዩ።

ካርድ ቁጥር አንድ ዛሬ ተመልሳለች። ዓረፍተ ነገሩ በሕይወት ላለ ሰው እንዲነገር የእሳቸው ሕግ ያዛል። ለሚገባቸው ሰው አልደረሰም፤ ስለዚህ እዚህ ለቆማችሁት ይነገራል። ጀርባዋ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

«አናጢው በዕንጨቱ ትሪፍቲ ነበር፤ ይህን እህቱ በትክክል አይታለች። ‘ደብዳቤውን ዐውቄአለሁ፣ ቅያሜ የለኝም’ የምትለውን ቃል ግን ለአርባ አራት ዓመት ስለነፈጋት ፓርሲሞኒየስ ነበር። ደብዳቤው አልተሳሳተም። ጄነረስ እሷ ነበረች።»

መጽሐፉ ይታተማል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎረቤት ያኑርልን፤ በመካከሉም ግድግዳ አይኑር።