ክፍሉን አከራዪው

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽስ፣ የልጅ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የደም ግፊትሽስ ወረደልሽ ወይስ አሁንም ከልጅሽ ተደብቀሽ ጨው ትነሰንሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በስተቀር የሚለውን ሰው ሁሉ ስለሚጽፈው አልጽፍልሽም፤ የናፍቆቱን ነገር ወደ ታች እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የሚያስቆጣሽን ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ወደ ቤት ግን አልመጣም።

እስቲ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቆመሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ከእኔ ሲመጣልሽ ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ በሩ ላይ ነው የምትከፍቺው።

መንገድ ልጀምር ነው። በአውቶቡስም፣ በባቡርም፣ በመርከብም፤ የወደድኩት ከተማ ከርሜ፣ ያልወደድኩት አድሬ፣ አቅሜ እስከቻለ ድረስ። ለስፌት ማሠልጠኛችን ዳይሬክተር ይህን ስነግራት መነጽሯን አውልቃ አየችኝና በዚህ ዕድሜሽ? አለችኝ። በየትኛው ልሂድ ታዲያ፣ በወጣትነቴማ እዚሁ አገራችሁ ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ስገጥም ነበር አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ ለቀልድ አልነበረም የተናገርኩት።

አንቺም በዚህ ዕድሜሽ ማለትሽ አይቀርም። ቀጥለሽ ደግሞ፣ ያዘጋጀሁልሽ ክፍልስ? ትያለሽ።

እሺ፣ የክፍሉን ነገር እንነጋገር። ባለፈው ለዕረፍት ስመጣ እጄን ይዘሽ ወስደሽ አሳየሽኝ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ መጋረጃው ተተኩሷል፣ አልጋው ተነጥፏል። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ዞር ስል መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና ተቀምጧል። ከመኪናው አጠገብ የልጅ ልጆችሽ የተቀደደ ዩኒፎርም፣ የጎረቤት አንሶላ፣ ዚፑ የተበላሸ የአማችሽ ጃኬት፣ ወገቤ ድረስ ተከምሯል። ይሄ ምንድነው ብልሽ፣ ስትመጪ እንዳይደብርሽ ብዬ ነው አልሽኝ። ደግሞ ደስ ብሎሽ ነው ያልሽው! ዕድሜዬን ሙሉ ሰፍቼ ሳበቃ እንዳይደብረኝ ልስፋ? የአማችሽን ዚፕ ቀይሬለት ነው የተመለስኩት። ለብሶት በመስታወት እየተገላበጠ አየና፣ ትንሽ ይይዛል አለኝ። ይያዘው።

ቂመኛ ናት ትያለሽ። ነኝ። ከዚህ የባሰም አለኝ፤ እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አብራኝ የምትኖር የአገራችን ልጅ ነበረች፣ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ። በስፌት ጠመኔ ብጥስጣሽ ጨርቅ ላይ እየጻፈች አስተማረችኝ። ጨርቁን ስናራግፈው ፊደሉም አብሮ ይረግፍና እንደገና ይጻፋል። እስከዚያ ድረስ ያንቺን ደብዳቤ የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ነበር፤ ከባልሽ ጋር የተጣላሽውን ሁሉ የመኝታ ክፍላችን ሰው በሙሉ ሰምቷል። እና የመጀመሪያውን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጻፍኩልሽ። ላብ በጀርባዬ እየወረደ፣ ምላሴን ነክሼ። አንቺ ምን አደረግሽ? በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ መለስሽልኝ። እዚህ ጋ ክብ፣ እዚያ ጋ ሰረዝ፣ ግርጌው ላይ በርቺ የሚል። መምህርት ሆነሽ የለ! የመጀመሪያ ዩኒፎርምሽን በእጇ የሰፋችልሽን እህትሽን ከተማሪዎችሽ መሃል አስቀመጥሻት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የምጽፍልሽ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ ብቻ ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው ስትዪ ኖረሻል።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ቀን ልንገርሽ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የማስተምራቸው ሴቶች፣ ከፋብሪካው ወጥቼ እዚህ ማሠልጠኛ ከገባሁ ወዲህ እንደምታውቂው እንደ ልጆቼ ናቸው፣ የመንገድ ቦርሳ ሰፍተው ጠበቁኝ። አንዷን መርፌ ሰባሪዋ ነው የምላት፤ እሷ የነካችው መኪና መርፌ ተርፎት አያውቅም። ዋናውን ኪስ የሰፋችው እሷ ናት። ቦርሳውን አገላብጬ ሳየው የኪሱ አፍ ወደ ታች ነው። ያስገባሽው ሁሉ ይዘረገፋል። ሳላስበው መቀሴን አንስቼ መተርተር ጀመርኩ፣ እያስረዳኋትም፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል፣ ሳትሰፊ በፊት ገልብጠሽ ማየት ነበረብሽ እያልኩ። ቀና ስል ፊቷን አየሁት።

ወዲያው አንቺ መጣሽብኝ።

ክፋት አልነበረም። እጄ ነው። ስንት ዘመን ሲያርም የኖረ እጅ፣ ስጦታ ቢሰጡትም የቤት ሥራ ይመስለዋል። የተረተርኩትን እዚያው ፊታቸው መልሼ ሰፋሁት፣ አፉን ወደ ታች እንዳደረገ። መምህርት፣ ምንም አይዝም እኮ አለችኝ መርፌ ሰባሪዋ። ምን አገባሽ፣ ቦርሳው የኔ ነው አልኳት። ያን ጊዜ ነው የሳቁት።

ስለዚህ የቀይ እስክሪብቶውን ነገር ትቼዋለሁ አልልሽም፤ ገብቶኛል ግን።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወለሉን ጠረግኩ። የክር ቁርጥራጭ ከእግሬ ሥር እየተጠቀለለ አላስኬድ አለኝ። መኪኖቹን አንድ በአንድ ሸፈንኳቸው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ማንን እንደናፈቅኩ ታውቂያለሽ? አንቺን አይደለም፣ ያችን ትንሿን። አባታችን ከሁለት አንዳችሁ ትማር፣ የታላቂቱ እጅ ይሠራል ታናሺቱ ትሂድ ካለ በኋላ የነበረሽውን። ከትምህርት ቤት መጥተሽ ደጃፉ ላይ ትቀመጪና ጂኦግራፊሽን ጮክ ብለሽ ታነቢ ነበር፤ እኔ ከጎንሽ የሰው ቀሚስ እዘመዝማለሁ። የወንዙን፣ የባሕሩን፣ የተራራውን ስም እየጠራሽ። አንዲት ወደብ ነበረች ስሟ አፍ የሚያስር። እሷ ጋ ስትደርሺ ምላስሽ ይጠላለፍብሽና እንስቃለን፤ እናታችን ከጓዳ ምን ያስገለፍጣችኋል እያለች ትጮኻለች። ሥዕሏን አሳይተሽኝ ነበር፤ ነጫጭ ቤቶች፣ ባሕሩ ደጃቸው ድረስ የመጣ። ስናድግ እንሄዳለን አልሽኝ። እኔ መርፌዬን እየሳብኩ እሺ አልኩሽ። ለእኔ ብለሽ እንደምታነቢ አውቅ ነበር። ለራስሽማ ድምፅ አውጥተሽ አታነቢም፤ ሌላውን ትምህርት በልብሽ ነበር የምታጠኚው።

ከዚያ አንቺ አገባሽ፣ እኔም ልሰፋ ሰው አገር ሄድኩ።

እና መጀመሪያ የምሄደው እዚያው ነው። ስሟን አሁን ያለ ስህተት እጠራዋለሁ፤ ትኬት ቆራጩ ፊት ተለማምጄዋለሁ።

ልጅሽ ባለፈው ስትደውልልኝ አንድ ነገር ነገረችኝ። ባልሽ ካረፈ ወዲህ የራስሽን መኝታ ቤት ትተሽ እኔ ክፍል ነው አሉ የምትተኚው። አክስትሽ እስክትመጣ አልጋው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው ትላለች አለችኝ። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት። አንቺ አልነገርሽኝ፣ እኔ አልጠየቅኩሽ። ሁለታችንም የዚያው ሁሉን በሆዱ የሚይዝ አባታችን ልጆች ነን።

ክፍሉን አከራዪው። ሰው ይግባበት፣ ድምፅ ይኑረው። የስፌት መኪናውንም ለሚሠራበት ስጪው።

ወደቧ ላይ የማርፍበትን ቤት አከራይዋን በስልክ አነጋግሬ ይዣለሁ፤ ወራት እቀመጣለሁ ብያታለሁ። አድራሻውን በሌላ ወረቀት ጽፌ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ፣ መቼም ደብዳቤ መላክሽ አይቀርም። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው አለችኝ። ክፍሉ ባለ ሁለት አልጋ ነው። ባለ አንድ አለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ደረጃ አለው ወይ ብዬ ግን ጠይቄያታለሁ። የለውም፣ ከመንገድ ቀጥ ብሎ መግባት ነው አለችኝ፤ ማነው ደረጃ የማይችለው ስትለኝ ወሬ ቀየርኩባት። እኔ እንደምታውቂው እስከ ዛሬ ደረጃ አስቸግሮኝ አያውቅም።

ልጅሽን ሳሚልኝ። ትንንሾቹንም ሳሚልኝ። ለአማችሽ ሰላም በይልኝ፣ ከፈለግሽ። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

ታላቅ እህትሽ