ጭልፊት የሞተበት ሳምንት

ሰኞ፣ የመርቆሬዎስ ዕለት

ጭልፊት ዛሬም ቀደመ! በጩኸት ብዛት ድምፄ ተዘግቷል። የእንስሳት ሐኪም ለአንድ ፈረስ ታደላለች ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው። እኩዮቹ ጋሪ ሲጎትቱ አርጅተዋል፤ እሱ ሜዳውን ሲሰነጥቀው የደብረ ታቦር ሰው በእልልታ ቀለጠ። የጋለበው የአያ ደሴ ልጅ አስማረ ነው። አያ ደሴ ዱላቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመው ነበር። ጭልፊትን እናቱ ወልዳው ስትሞት በላም ወተት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

"ዘንድሮ እንኳ ቢያርፍ" አልኳቸው።

"ራሱ በቃኝ ሲል ያን ጊዜ፣ ልጄ" አሉኝ።

ለረቡዕ፦ የበግ ክትባት። በረዶ ማዘጋጀት። ቦቲ ጫማዬን ማጠብ።

ማክሰኞ

ሞተ። እጄ ላይ ሞተ።

ጠዋት አስማረ ደወለ፤ "ጭልፊትን ሆዱን አሞታል፣ ድረሽልን።" አስፋልቱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ የጉናን ግርጌ ሽቅብ። ስደርስ ላብ አጥምቆታል። ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ይነሣና ዞሮ ጎኑን ያያል። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን ሳየው ጠቁሯል። ደሙ መዞር እያቃተው ነው።

በአፍንጫው ቱቦ አስገብቼ ሆዱን አስተነፈስኩለት። ትንሽ ጋብ አለለት፣ ከዚያ ባሰበት። አንጀቱ ከታነቀ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለፈረስ የሚሆን ደግሞ እዚህ የለም። ለአያ ደሴ አልደበቅኳቸውም። "እንግዲያው አይሠቃይብኝ" አሉ። የሕመም ማስታገሻ ወጋሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እግሮቹን ዘረጋ።

አስማረ ጮኸ። "መርፌው ነው! እስካሁን ቆሞ አልነበረም እንዴ?" ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

ሆዱ ተከፍቶ የገደለው ነገር ይታወቅ ብዬ ለመንኩ። አያ ደሴ ፊታቸውን አዞሩ። "ተይው። አይነካ።"

ረቡዕ

ለክትባት ሰው አልመጣም። አንዲት ሴት ብቻ ሁለት በጎች ነድታ መጣች፤ "ፈረሱን የገደለችው እኮ ያቻት" ሲሏት በጎቿን ይዛ ተመለሰች። የበግ ፈንጣጣ ወዲያኛው ቀበሌ ገብቷል። እዚህም ቢገባ ማን ሊጠየቅ ነው?

ቦርሳዬ ውስጥ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ፤ አንዱ ማስታገሻ፣ ሌላው በስሕተት ከተወጋ ገዳይ። ከመውጋቴ በፊት ጽሑፉን አንብቤያለሁ? አንብቤያለሁ። አንብቤያለሁ መሰለኝ። ትናንት የወጋሁበት ባዶ ብልቃጥ ከቦርሳው ጠፋ። ቤቱን ገለበጥኩት። በመጨረሻ ከጋውኔ ኪስ ተገኘ፦ ማስታገሻው ነው፣ ትክክለኛው! እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ተመስገን አልኩ። ግን ለማን ላሳየው? ማን ያምነኛል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ደሴ ክሊኒኩ ድረስ በእግራቸው መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

"ጅብ እንዳይደርስበት እሾህ ከምሬበታለሁ። ነገ ነይና ክፈችው።"

"ትናንት እምቢ ብለውኝ አልነበር፣ አባቴ?"

"አንቺን ጠልቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።" እሑድ ለሩጫው ብርታት ይሁነው ብለው ገብስ አብዝተውለት ኖሯል። "አርጅቷል እየተባልኩ ያስሮጥኩትም እኔ ነኝ። እኔ ገድዬው ከሆነ ይታወቅ። አንቺ በሰው አፍ ስትገቢ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም።"

ለካ ሁለታችንም አንድ ፍርሃት ታቅፈን ነው የዋልነው።

ሐሙስ

ከፈትኩት። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። አስማረ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ አጠገቤ ቆመ፤ ሊረዳኝ አይደለም፣ ሊቆጣጠረኝ።

አንጀቱ አንድ ቦታ ላይ ታንቆ ጠቁሯል። ያነቀው የስብ ዕጢ ነው። እንቁላል የሚያህል፣ ረጅም ጅማት ያለው። ጅማቱ አንጀቱን እንደ ጠፍር ዞሮ አስሮታል። እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ፈረስ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ያድጋል፤ ከውጭ የሚያየው የለም። "ና፣ በእጅህ ያዘው" አልኩት አስማረን። ያዘው። እያገላበጠ አየው።

"ገብሱስ?" አሉ አያ ደሴ።

"ገብሱ አይደለም።"

"ሩጫውስ?"

"ቆሞ ቢውልም አንድ ቀን ማነቁ አይቀርም ነበር፣ አባቴ።"

"መርፌውስ?" አለ አስማረ፣ ቀስ ብሎ።

"ሥቃዩን ቀነሰለት እንጂ ሞቱን አላመጣውም።"

አያ ደሴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። "ተመስገን" አሉ። ፈረሳቸው ሞቶ፣ ተመስገን!

ቀበርነው። ፈረስ እንደ ሰው ይቀበራል እንዴ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ አስማረ "ወንድሜ ነው" ብሎ ዝም አሰኛቸው። ልሄድ ስል ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ እስከ አስፋልቱ ተሸክሞልኝ ወረደ። ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠበቅኩም፤ ቦርሳው ከባድ ነው።

ቅዳሜ

በጎቹ መጡ! ከቅዳሴ መልስ አያ ደሴ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመው ለሰው ሁሉ ነግረዋል፦ "የሰጠውን ዕድሜ ጨርሶ ነው የሄደው። ማንም አልገደለውም።" አስማረም በእጁ ስለያዘው ዕጢ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ውሏል፤ መጠኑ ከእንቁላል ተነሥቶ ማታ ላይ ድንች ደርሷል። ክትባቱ እስኪያልቅ ወጋሁ። ክንዴ ዝሏል። የረቡዕዋ ሴትም ሁለቱን በጎቿን ይዛ ተሰልፋ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ሁለታችንም ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያለቀስኩት ለራሴ ነበር፤ የዛሬው ለጭልፊት ነው። ቀለል አለኝ።

ከዚያ ራበኝ። ከማክሰኞ ወዲህ ገና ዛሬ ራበኝ። ሽሮ ጣድኩ።