ሳጥኔ እምቢ ያለበት ሳምንት

ሰኞ
እምቢ አለ! ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ ልቤ ሲታዘዘኝ የከረመው ሳጥን ፋብሪካው ውስጥ ሲገጠም ሞተሩን አላስነሳ አለ። ዓርብ ሦስት ገምጋሚዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ዲኑ ያለኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ጽሑፍህን አንብበናል። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመባል ግን ለሰፊው ሕዝብ ሲሠራ እንየው።» የሳጥኑ ሥራ ቀላል ነው። ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱ ሲጠፋ ወይም ተራቸው ሲዛባ፣ ሞተሩን ሳይቃጠል ያጠፋዋል። እዚህ ላፍቶ አጠገብ ባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ አንድ ሞተር ተቃጠለ ማለት ለሌላ መግዣ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ ሥራ መፍታት ነው።

ማክሰኞ
መስመሩን የሚቆርጠው ሪሌ ደህና። ብየዳው ደህና። ፊውዞቹ ደህና። እኔ ብቻ ደህና አይደለሁም። ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። በታደለን ጽሑፍ ጀርባ ላይ የሳጥኑን ንድፍ ስሥል ሊቀ መንበሩ አየኝና፣ «ጓድ ዶክተር እንዴት እንደሚከታተሉ ተመልከቱ!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ባለቤቴ ዘነበች ቤት እስክንደርስ ሳቀችብኝ።

ረቡዕ
ተገኘ! ተገኘ! የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ጋሽ ሸረፋ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ዶክተር፣ መስመሮቹን በምን ለይተው ነው ያሰሯቸው?» አሉ።
በቀለማቸው፣ አልኳቸው።
ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «የድሮው ኬብል የጣሊያን ነበር። እሱ ሲያልቅ የቼክ መጣ፤ አምና ደግሞ የምሥራቅ ጀርመን ቀጠልንበት። የሁሉም ቀለም ለየቅል ነው። እዚህ ቤት ቀለም የሚያምን የለም።»
ለካስ ሳጥኔ ልክ ነበር! ተራው ተዛብቷል ብሎ ነው እምቢ ያለው። ከሦስቱ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርን፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። «ሳትለኩ አትንኩ» እያልኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩት እኔ! አፈርኩ፤ ግን ደስታው በለጠ። ሽማግሌውን አቅፌ ልጥላቸው ነበር።

ሐሙስ
የነገውን ልብስ መረጥኩ። ሸሚዝ፦ ነጩ። ክራባት፦ ዘነበች «ቡርዧ ትመስላለህ» ብላ ከለከለችኝ።

ዓርብ
ጋሽ ሸረፋ አንዱን ፊውዝ ነቀሉ። ቀጭ! ሞተሩ ቆመ። መለሱት፤ ተነሣ። አንደኛው ገምጋሚ፣ ከቤተ ሙከራው የተለየ ምን ገጠመህ አለኝ። ልቤ «ምንም በል» አለኝ። ጋሽ ሸረፋ ያዩኛል። ስህተቴንም፣ ያወጣኝንም ሰው ተናገርኩ። ገምጋሚው ብዙ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አላውቅም።
ሳጥኑን ልፈታ ስል ጋሽ ሸረፋ እጄን ያዙ። «ለራስዎ ሌላ ይሥሩ፣ ዶክተር። ይሄ ከዚህ ንቅንቅ አይልም።» ሥራ አስኪያጁም አብሯቸው ቆመ።
የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ገና አልወሰነም። ማዕረጉን አጥብቄ እፈልገዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ንብረቱ ተወርሶ እየዘፈነ ቤቱ የገባ ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።